ያለ ሞት የተነፋው ጥሩንባ

በቆቦ፣ በሮቢትና በዋጃ የምትኖር፣ ማሽላ የዘራህም ማሽላ ገዝተህ የምትበላም፣ አድምጥ! የሁለት ጥማድ መሬት ጌታ፣ የአሥራ ሰባት ቲሸርት ባለቤት፣ የቅሬው ጥሩንባ ነፊ፣ የዘመቻ ሁሉ የፊት ረድፍ፣ ክቡር አቶ ዘካሪያስ ከእንግዲህ ስማቸው ያለ ማዕረግ እንዳይነሣ ተወስኗል። የወሰነው ማን እንደሆነ አይጠየቅም። አዋጅ የሚነገረው ሊሰማ እንጂ ሊመረመር አይደለም። ይህን ደግሞ ከራሳቸው ከክቡርነታቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው አዋጅ ሲያሰሙ ኖረዋልና።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ወረዳ በኢትዮጵያ ምድር አይገኝም። ወረዳው ውኃ ላይኖረው ይችላል፤ መብራቱም ሲያሻው መጥቶ ሲያሻው ይሄድ ይሆናል። ዘካሪያስ ግን አለው። ባነር የተሰቀለ እንደሆነ ከባነሩ ሥር ቆሞ ታገኘዋለህ። ወባ ይጥፋ ሲባል የወባን ቲሸርት፣ ትራኮማ ይጥፋ ሲባል የትራኮማን፣ ሕዝብ ይቆጠር ሲባል የቆጠራውን ለብሶ ይወጣል። ሚስቱ አስረሳሽ ምላሷ ዝጎ የማያውቅ ሴት ናት። «ሰው ልብስ ይለብሳል፤ የኔው ጌታ በሽታ ይለብሳል» ትላለች። ጠዋት ጠዋት ከደጃፉ ላይ ሆና «ዛሬስ የቱን ታመህ ልትወጣ ነው?» ትለዋለች።

የአጎበር ዘመቻ ጊዜ «አጎበር ውስጥ እንዴት እንደሚተኛ ለሕዝቡ በተግባር አሳይ» ተባለና መድረክ ላይ ተጋደመ። አንድ ኃላፊ ንግግር ጀመሩ። ንግግሩ ረዘመ። ዘካሪያስ የምር እንቅልፍ ወሰደውና ማንኮራፋቱ በድምፅ ማጉያው አልፎ ሜዳውን አዳረሰው። በእጅ መታጠብ ቀን ደግሞ አሥራ አንድ እንግዳ ቢመጣ ለአሥራ አንዱም አንድ አንድ ጊዜ ታጥቦ አሳየ፤ በማግሥቱ መዳፉ ልስልስ ብሎ እርፍ መጨበጥ አቃተው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ መፈክሩ አንድ ነበር። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ሰው እኔ አመጣለሁ፤ ፕሮግራሙን እናንተ አምጡ!» ይላል።

ሰው የማምጣት ችሎታው ከየት እንደመጣ ይታወቃል። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል፣ በአንድ ድንኳን ይላቀሳል። ሰው ሲሞት ጥሩንባውን የሚነፋው ዘካሪያስ ነው። ያ ጥሩንባ ሲነፋ በሬ የጠመደ ይፈታል፣ ሱቅ የከፈተ ይዘጋል። ለዚህ ሥራ ቲሸርት የሚሰጠው የለም፣ ባነርም የለውም፤ ከሥራዎቹ ሁሉ እንዲህ ያለው እሱ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ አስረሳሽን «ይኼንን የወሰዱብኝ ቀን ነው የምሞተው» ብሏታል። «ያኔ ማን ይነፋልሃል?» አለችው።

በ2007 ዓመተ ምሕረት በመስከረም ማብቂያ የመጣው ዘመቻ ከሌሎቹ ይለይ ነበር። ያመጣው አንድ የፍራሽ ፋብሪካ ነው። የአእምሮ ጤና ቀንን ከቆላው ሕዝብ ጋር አከብራለሁ ብሎ ፍራሽ የጫነ መኪና ይዞ ከተፍ አለ። ባነሩ «አእምሮ ሲያርፍ አገር ያድጋል» ይላል። ብሮሹሩ የሕመሙን ምልክቶች ይዘረዝራል፦ እንቅልፍ ማጣት፣ ድካም፣ ጭንቀት፣ ከሰው መራቅ፣ ያለ ምክንያት መጮኽ። «ከእነዚህ ሦስቱ ካሉብዎ ባለሙያ ያማክሩ» ይልና፣ ባለሙያው የት እንደሚገኝ ሳይናገር የፍራሹን ዓይነቶች ወደ መደርደር ይሻገራል።

የዘካሪያስ ጎረቤት አራጌ ብሮሹሩን ሁለት ጊዜ አነበበው። ወሩ የወፍ ወር ነው። ማሽላው አሽቷል፤ ሰው ሁሉ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ እያስጮኸ ይውላል።

«አንተ ዘካሪያስ» አለ አራጌ፣ «እንቅልፍ አጥቻለሁ። ደክሞኛል። ጭንቅ ይዞኛል። ከሰው ርቄ ማማ ላይ ነኝ። ስጮኽም እውላለሁ። አምስቱም አሉብኝ። ይኼ እኮ በሽታ አይደለም፤ መስከረም ነው!»

«አንተ ግንዛቤ ይጎድልሃል።»

«ግንዛቤውን እዚያው ያዝልኝና ወፏን ጠብቅልኝ።»

የፋብሪካው መልእክተኛ ሚኪያስ ይባላል። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ በዚያ ሐሩር ጥቁር ሱፍ የለበሰ፣ ላቡን በሶፍት ሲጠርግ የሚውል፣ ክፋት የማያውቅ ልጅ ነው። ሁለት ነገር ጠየቀ፤ ሕዝብና ባለታሪክ። ባለታሪክ ማለት ታሞ የዳነ፣ መድረክ ላይ ወጥቶ «ታክሜ ድኛለሁ» የሚል፣ ፎቶው ለፋብሪካው ካላንደር የሚነሣ ሰው ነው።

«ሁለቱንም እኔ አመጣለሁ» አለ ዘካሪያስ። ይህን ሲል በዓይኑ የመጣችው ራቢዓ ነበረች።

እዚህ ላይ ራቢዓ የተባለችው ስሟ ራቢዓ ስላልሆነ ነው። ቤቷን አፈላልጋለሁ ብሎ የሚነሣ ካለ አይድከም። ከዓረብ አገር ልጅ ያልተመለሰበትን ቤት ይቁጠር፤ እሱ ቶሎ ያልቃል። ከዘመቻው በፊት በነበረው ኅዳር ከሳዑዲ ከተባረሩት አንዷ ነበረች፤ አንድ ፌስታል ይዛ እናቷ ቤት ገባች። ከዚያ ወዲህ መስኮቱን በአንሶላ ጋርዳ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ መልሳ ትቀመጣለች። እናቷ መይሙና ለጠየቃት ሁሉ «ወባ ነው» ትላለች። ወባ የሚያሳፍር በሽታ አይደለም።

ዘካሪያስ እውነቱን ያወቀው አጎበር ሊሰቅል በሄደ ቀን ነው። ከደጅ ሆኖ እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ «ቤቶች!» አለ። ልጅቷ ከተቀመጠችበት ተፈናጥራ ቆመች። እጆቿን ሆዷ ላይ አጣምራ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ «ሓዲር» አለች። በዓረብኛ «አቤት፣ ታዛዥ ነኝ» ማለት ነው። ማን እንደጠራት ቀና ብላ አላየችም። እናቷ መጥታ ትከሻዋን ይዛ እስክታስቀምጣት ድረስ እዚያው እንደቆመች ነበረች። ዘካሪያስ ለማንም አልተናገረም። የወረዳውን ወሬ ሁሉ በአፉ የሚያዞር ሰው ይህቺን አንዷን ዋጣት።

አሁን ግን ፕሮግራም መጣ፤ ፕሮግራም ሲመጣ ዘካሪያስ ራሱን መግዛት አይችልም። መይሙና ቤት ሄዶ ልጅቷን ለመድረክ ጠየቀ።

«በሕዝብ ፊት?» አለች መይሙና። «አላህ ይጠብቀን! አያ ዘካሪያስ፣ ነገ ማን ያገባታል? በአፋቸው ሊያኝኳት?»

«ሐኪም ያሳዩአታል፣ እቴ መይሙና።»

መይሙና ወደ ልጇ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቃል ገብተዋል?» አለች።

ዘካሪያስ ወደ ደጅ ወጥቶ ለሚኪያስ ደወለ። ሚኪያስ «ለማኔጅመንት አቀርበዋለሁ፣ ይታያል» አለው። ዘካሪያስ ተመልሶ ገባና «ቃል ገብተዋል» አለ። የዋሸ አልመሰለውም። ሃያ ዓመት ሙሉ ከላይ የመጣን ወሬ ወደ ታች ሲያወርድ የኖረ ሰው፣ መንገድ ላይ ትንሽ ጨው ጣል ማድረግን እንደ ሥራው ነው የሚቆጥረው።

«እንግዲያው እሺ» አለች መይሙና። «ወላሂ፣ ለሐኪሙ ስል ብቻ ነው።»

በዋዜማው ዘካሪያስን አንድ ነገር ከነከነው። ሚኪያስን ፈልጎ «ሳትታከም እንዴት ታክሜ ድኛለሁ ትላለች?» ብሎ ጠየቀው።

«ጋሼ፣ ፎቶው ለሚቀጥለው ዓመት ካላንደር ነው» አለ ሚኪያስ። «ካላንደሩ እስኪታተም ትታከማለች።»

መስከረም ሠላሳ ቀን የቅሬው ድንኳን በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ተተከለ፤ ሌላ ድንኳን በከተማው አልተገኘም። የቅሬው አግዳሚ ወንበሮች ተደረደሩ። ሦስት ሰዓት ላይ ከድንኳኑ ሥር የተገኙት ሦስት የባጃጅ ሾፌሮችና አንዲት ፍየል ነበሩ። ሌላው ሁሉ ማማው ላይ ነው።

«አቶ ዘካሪያስ፣ ሕዝቡስ?» አለ ሚኪያስ ሰዓቱን እያየ።

በሃያ ዓመት ውስጥ ይህ ጥያቄ አንድ ጊዜ እንኳ ተጠይቆ አያውቅም። ዘካሪያስ ብድግ አለ። ቤቱ ሄዶ ጥሩንባውን ከተሰቀለበት አወረደ። አስፋልቱ ዳር ቆመና ነፋው።

ወንጭፉ ሁሉ ባንዴ ጸጥ አለ። ሰው ከየማማው ወረደ። ወፏ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰላም ቁርሷን በላች። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ «ማነው? ማን ነው ያረፈው?» እየተባባሉ በየአቅጣጫው ጎረፉ። ድንኳኑን ባዩ ጊዜ ጥርጣሬያቸው ሁሉ ለቀቃቸው። ገቡና እንደ ወጉ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። ከፊት ለፊት ጥቁር ልብስ የለበሰ፣ ዓይኑን በሶፍት የሚያብስ አንድ ወጣት ቆሟል። እናቱ ሞታበት መሆን አለበት፣ አሉ። ተራ በተራ እየቀረቡ እጁን ጨበጡት።

«እግዜር ያጥናህ፣ ልጄ።»

«አላህ ሰብሩን ይስጥህ።»

«እናመሰግናለን፣ እናመሰግናለን» አለ ሚኪያስ። «ቲሸርት ከወዲያ በኩል አለላችሁ።»

ነገሩ የገባው የቅሬው ዳኛ ካሳ ባነሩን አንብቦ ሲጨርስ ነው። ሽማግሌው ከዘራውን ተመርኩዞ ብድግ አለ። «ዘካሪያስ! ጥሩንባው የተነፋው ለፍራሽ ነው?»

«አያ ካሳ፣ ግንዛቤ...»

«ሞት የሌለበት ጥሩንባ! ነገ የምር ሰው ሲሞት ማን ይመጣል?»

ግማሹ ሰው ሊወጣ ተነሣ። ያስቀመጣቸው አሊ የሚባል፣ ሙታን በማጠብ ዕድሜውን የፈጀ አዛውንት ነው። «ጀምዓ፣ ተቀመጡ» አለ። «ድንኳን የገባ ሰው ሳያጽናና አይወጣም። እናዳምጥና እንሄዳለን። ፍርዱ እሁድ ይደርሳል።» ተቀመጡ። አቀማመጣቸው ግን የስብሰባ አልሆነም፤ እንደ ለቅሶ ቤት ነበር፤ ዝም፣ ጭጭ።

ሚኪያስ የተሰበሰበውን አይቶ ልቡ ሞላ። ድምፅ ማጉያውን እስከ ጥግ ከፍቶ «ባለታሪካችን ወደ መድረክ!» ብሎ ጮኸ።

ከሴቶቹ መካከል አንዲት ልጅ ተፈናጥራ ቆመች። ከጥቁር ልብሷ በላይ የፋብሪካውን ቲሸርት አልብሰዋታል። እጆቿን ሆዷ ላይ አጣምራለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ዘካሪያስ አየ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ምን እንዳለች የሰማ የለም፤ እሱ ግን ሳይሰማም ዐወቀ። ማንም «ተቀመጪ» ካላላት መሽቶ እስኪነጋ እዚያው ትቆማለች። አሁን ሕዝብ ሁሉ ቀና ይላል፣ ያያታል፣ ፎቶም ትነሣለች፤ ከዚያ በኋላ «ወባ ነው» የሚል ቃል በቆቦ ምድር አያድናትም።

ድምፅ ማጉያውን ከሚኪያስ እጅ መንጭቆ ወሰደው።

«ተቀመጪ የኔ ልጅ፣ ውኃው ይመጣልሻል» አለ፣ ውኃ የጠየቀች አስመስሎ። መይሙና ጎትታ አስቀመጠቻት። ዘካሪያስ ቀጠለ። «ባለታሪኩ እኔ ነኝ።»

ሰው ሳቀ። አራጌ ከኋላ «ያንተስ በሽታ ቲሸርት ነው!» ሲል ሳቁ ደገመ።

«እንቅልፍ የለኝም» አለ ዘካሪያስ። «ሰው ጮክ ብሎ ሲጠራ ልቤ ትወጣለች። ማን እንደጠራኝ አላይም፤ ብቻ እቆማለሁ። ብርሃን እፈራለሁ፤ መስኮቱን እጋርዳለሁ። ቤቴ ገብቻለሁ፤ ግን ገና አልደረስኩም። እናቴ... ሚስቴ ‹ወባ ነው› ትላችኋለች። አትፍረዱባት፤ ከእናንተ አፍ ልታተርፈኝ ነው።»

ሳቁ ሞተ። አራጌ አንገቱን ደፋ። መይሙና ሻሿን ዓይኗ ድረስ አወረደችው። ዘካሪያስ ሲጨርስ ያጨበጨበ የለም፤ በለቅሶ ድንኳን አይጨበጨብም። አሊ ቀድሞ ተነሣና መጥቶ እጁን ያዘው። «አላህ ያሽርህ» አለው። ከዚያ ሰው ሁሉ ተሰልፎ እየቀረበ አጽናናው። ሚኪያስ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ለፎቶ አንሺው «የፈጠርነውን ተፅዕኖ ተመልከት!» አለው።

ወደ ቤት ሲመለስ አስረሳሽ ደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ያቺን ልጅ ስትነሣ አይቻታለሁ» አለችው። «በል ቲሸርቱን አውልቀው፤ እኔ አጥበዋለሁ።»

ማጽናናቱ ከድንኳኑ ደጅ አልዘለቀም። ብሮሹሩ «የአእምሮ ሕመም እንደ ማንኛውም ሕመም ነው» ይላል፤ ቆቦ አነበበችው፣ አላመነችውም። ለቀጣዩ ዘመቻ ሌላ ሰው ተጠራ። በማሽላ አጨዳ ደቦ ላይ ለሰው ሁሉ ማጭድ ሲታደል ለዘካሪያስ ግን «አንተ ጥላው ሥር አረፍ በል» ተባለ፤ ነገሩ የአዘኔታ ነው፣ ግን ዓይኖቻቸው ከማጭዱ ላይ አልተነሡም። የሚስቱ ዘመዶች ጠበል ወሰዱት፤ ሄደ። የአሊ ልጆች ዱዓ አስደረጉለት፤ ተቀመጠላቸው። አንድ ቃል ቢናገር ይገላገል ነበር። ግን «ታዲያ ያ ታሪክ የማን ነው?» ይባላል።

ከፋብሪካው አንድ ፍራሽ መጣለት። ተሸክሞ መይሙና ቤት ወሰደው።

«ሐኪሙስ?» አለችው።

«በሚቀጥለው በጀት ዓመት ይታያል ብለዋል።» ፍራሹን ከትከሻው አወረደ። «ቃልም አልገቡም ነበር፣ እቴ መይሙና። ቃል የገባሁት እኔ ነኝ።»

መይሙና ፍራሹን ወደ ልጇ ጓዳ ገፋችው። «እንግዲያው አንተው ተወጣው» አለች።

ተወጣው። ጠይቆ አጠያይቆ፣ በሚኒባስ ሲሄዱ ግማሽ ቀን ከምትርቅ ከተማ ትዕግሥት የምትባል የአእምሮ ጤና ነርስ አገኘ። በእኛ አገር በሽተኛ ብቻውን ሐኪም ዘንድ አይሄድም፤ ጎረቤት ያጅበዋል። እናም በየወሩ «በሽተኛው ዘካሪያስ» ሲሄድ መይሙናና ልጇ አስታማሚ ሆነው ይከተሉታል። ለቆቦ የታመመው እሱ ነው። እዚያ ሲደርሱ ካርዱ የሚወጣው በልጅቷ ስም ነው፤ እሱ ደጅ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የመኪና ታርጋ ያነባል። ሲመለሱ መናኸሪያው ላይ ሰው መይሙናን «አያ ዘካሪያስ ተሻለው?» ብሎ ይጠይቃታል። «አልሐምዱሊላህ፣ እንቅልፉ መለስ ብሏል» ትላለች፣ ልጇን እያየች።

ባለፈው ወር፣ ሮቢትን አልፈው ሲመለሱ፣ ራቢዓ ከኋላ ወንበር «አያ ዘካሪያስ፣ መስኮቱን ከፈት ያድርጉልኝ፤ ሞቀኝ» አለች። ዘካሪያስ መስኮቱን ለመክፈት ሦስት ጊዜ ሞከረ። በሦስተኛው ተከፈተ።

ካላንደሩ የመጣው በዚሁ ሰሞን ነው። የዘካሪያስ ፎቶ አፉን ከፍቶ፣ ድምፅ ማጉያውን ጨብጦ፣ በጳጉሜን ላይ ወጥቷል፤ ሙሉ ወር እንኳ አልሰጡትም። ከሥሩ «ታክሜ ድኛለሁ» ይላል። በየሱቁና በየፀጉር ቤቱ ተሰቀለ። የድኛለሁን ነገር ያነበበ የለም፤ ታክሜን ግን ሁሉም አነበበ። ቅሬውም ለረሳው ነገር ማስታወሻ አገኘ። ያለ ሞት ለነፋው ጥሩንባ ድንኳኑን ለብቻው አጥቦ እንዲያደርቅ ያኔውኑ ተፈርዶበት፣ ፈጽሞ፣ ይቅር ተብሏል። የአሁኑ ክስ ሌላ ነው።

«የታመመ ሰው ነገ ያልሞተውን ሞተ ብሎ ቢነፋስ?» አለ ካሳ። «ጥሩንባው ከጤነኛ እጅ ይግባ።»

አራጌ ነገሩን እየጠረጠረ ዘካሪያስን ማሳው ድረስ ሄዶ ለመነው። «ጤነኛ ነኝ በላቸው! አንድ ቃል ነው!»

«ልል እችላለሁ» አለ ዘካሪያስ። «ግን ‹የታመመ ሰው ይውረድ› ማለቴ አይሆንም ወይ? የታመመ ሰው ይሄንን እየሰማ እኔ እንዲህ እላለሁ?»

አራጌ ወንጭፉን አንሥቶ ወደ ሰማይ ወነጨፈ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የቅሬው አባል ነህና፣ እሁድ ረፋዱ ላይ ትሰበሰባለህ። ካሳ «ጥሩንባውን እንቀበለው የምትሉ እጃችሁን አውጡ» ይላል። ያኔ ዘካሪያስ ከጥግ ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያያል፤ ጥሩንባው ጉልበቱ ላይ ይሆናል። እጅህን እንዳታወጣ የሚነግርህ ሰው አያስፈልግህም። ግን እዚህ ያነበብኸውን አንሥተህ «ኧረ እሱ ጤነኛ ነው» ብለህም እንዳትከራከርለት። ይህን ያህል ዘመን የተሸከመውን ባንዲት ቃል ትጥልበታለህ፤ ልጅቷንም ከነመስኮቷ። ይልቅ ተነሥና፣ ድምፅህን ሳታሰማምር፣ አንተም ቤት «ወባ ነው» እየተባለለት ከጓዳ ስለተቀመጠው ሰው፣ እባክህ፣ ስሙን እንኳ ባትጠራ፣ አንዲት ነገር ብቻ ተናገር፤ ‹እኛም ቤት አለ› በል።